ረቂቁን ለማን ላሳይ?

ረጅም ልብ ወለድ በመጻፍ ሂደት ውስጥ ስለ ድጋፍና ምክር የቀረበ ንግግር



ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከጀመርሁ ጀምሮ በየዓመቱ የቢሮዬን በር አንኳኩተው የሚገቡ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሡልኛል። ልብ ወለድ መጻፍ ጀምረዋል፤ ደብተሩ በቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ ለማን እንደሚያሳዩት ግን አያውቁም። የዛሬው ንግግሬም በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። መልሱን ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም፤ ከራሴ ስሕተት ጭምር ተምሬዋለሁና አስቀድሜ ስሕተቴን ልናገር።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ሁለት ወፍራም ደብተር ሙሉ ረቂቅ አመጣልኝ። ልቤ ተነካ፤ ጊዜዬንም አልሰሰትሁበትም። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አረምሁት። የሞክሼ ፊደላቱን አጠቃቀም አስተካከልሁ፤ ትልሙ የላላበትን አመለከትሁ፤ የገጸ ባሕርያቱን አሳሳል ተቸሁ፤ ምልልሱንም በራሴ ቃላት ጻፍሁለት። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ እንደማማክር ሆኜ ሠራሁት ማለት ነው። ልጁ እጅ ነሥቶ ተቀበለኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ልብ ወለዱ አንሥቶልኝ አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ሰርግ ላይ ተገናኘንና «ያ ድርሰት ከምን ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ እርስዎ እኮ ጨረሱት፤ ለእኔ የቀረልኝ ነገር አልነበረም» አለኝ። በመልሱ ውስጥ ቂም አልነበረበትም። እኔ ግን ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቴ ምን ነበር? ማረሜ ብቻውን አይመስለኝም። በባህላችን እርማት የተከበረ ሥራ ነው። እስቲ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት እናስታውስ። ጀማሪው ተማሪ በቅድሚያ የሚቀኘው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው፤ ወደ ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች የሚሸጋገረው ደረጃ በደረጃ ነው። ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ያርማል፤ ያቃናል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ በአቅም የተመጠነ ሥራ፣ የማይታጐል የመገናኛ ሰዓት፣ እንዲሁም ከእርማት የሚቀድም ብቸኝነት። መምህሩ ተማሪው እየቆጠረ ሳለ ዛፉ ሥር ድረስ ሄዶ አይቀመጥበትም።

ልብ ወለድ ግን ከቅኔ የሚለይበት ጠባይ አለው። ቅኔ የታወቀ ቤትና ልክ አለው፤ መምህሩ ጕድለቱን የሚለየው በዚያ ሚዛን ነው። ረጅም ልብ ወለድ ዓመታት ይፈጃል፤ ሕጉንም በአብዛኛው የሚያወጣው ራሱ ድርሰቱ ነው። ግማሽ የደረሰ ልብ ወለድ ምን ሊሆን እንደሚችል ጸሐፊውም ገና አያውቅም። እኔ ያላለቀን ነገር እንዳለቀ ቈጥሬ ፈረድሁበት፤ ጥፋቴ ይህ ነበር።

በትክክለኛው ጊዜ የተገኘ ድጋፍ ምን እንደሚመስል ለማየት የናይጄሪያዊውን ደራሲ የቺኑዋ አቼቤን ታሪክ እንመልከት። አቼቤ በሌጎስ የሬዲዮ ሠራተኛ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1956 ለሥልጠና ወደ ለንደን፣ ወደ ቢቢሲ ሄደ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ በዚያ ከሚያስተምሩት አንዱ ለነበረው ለደራሲው ጊልበርት ፌልፕስ አሳየ። ፌልፕስ ወደደው፤ ለአሳታሚ ላሳይልህም አለው። አቼቤ ግን ረቂቁ ገና ሥራ እንደሚቀረው ስላመነ ይዞት ወደ አገሩ ተመለሰ። በመጀመሪያው ረቂቅ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበረበት፤ እርሱ የኦኮንኮን ታሪክ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቈርጦ አወጣ። ቲንግስ ፎል አፓርት የተባለው ይህ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃይነማን ታተመ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው የሥራ ክፍፍሉን ነው። ፌልፕስ አነበበ፤ አበረታታ፤ በር ከፈተ። ምን ይቈረጥ የሚለውን የወሰነው ደራሲው ነው። ታሪኩም በዚህ አላበቃም። አቼቤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት አማካሪ ሆነ። በዚያው ዓመት በካምፓላ በተደረገው የማከሬሬ ጉባኤ ላይ አንድ ወጣት ተማሪ ረቂቁን ይዞ ወደ እርሱ ቀረበ፤ አቼቤም አነበበለት። ተማሪው ኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በሚል ስም ያወቅነው ደራሲ ነው፤ ዊፕ ኖት ቻይልድ የተሰኘው ያ ረቂቅም እ.ኤ.አ. በ1964 በተከታታዩ ታተመ።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መልሱ ረቂቁ በደረሰበት ደረጃ ይወሰናል።

የመጀመሪያው ረቂቅ እስኪያልቅ የሚያስፈልገው ጊዜና ጽሞና ነው። በዚህ ወቅት የሚጠቅመው ወዳጅ «ምን ጻፍህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ጻፍህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ለዚህ የሥነ ጽሑፍ ዕውቀት አያስፈልገውም። እኅት፣ የክፍል ጓደኛ፣ የትዳር ጓደኛ ይህን ማድረግ ይችላሉ። የሙያ መረጃ መጠየቅም በዚህ ጊዜ ነውር የለውም፤ ስለ ችሎት የሚጽፍ ጠበቃን፣ ስለ አዝመራ የሚጽፍ ገበሬን ይጠይቅ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ወይም ሦስት አንባቢዎች ይበቃሉ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ይሉኝታ እውነቱን ይሸፍነዋል። የት ላይ እንደሰለቻቸው፣ የት ላይ አላምንም እንዳሉ፣ የትኛው ሰው እንደናፈቃቸው ጠይቋቸው። አንባቢ ሕመሙ የት እንዳለ ይናገራል፤ መድኃኒቱን የሚፈልገው ጸሐፊው ነው። ይህን ያስተማረችኝ የራሴን ረቂቅ በጽሕፈት መኪና የተየበችልኝ ጸሐፊ ናት። ሦስት ባለ ዶክትሬት ባልደረቦቼ ስለ ጭብጡና ስለ አንጻሩ ብዙ ጠቃሚ ነገር ነግረውኝ ነበር። እርስዋ የመጨረሻውን ገጽ ስታስረክበኝ፣ «ያቺ ለገበያ የወጣችው ሴትዮ ምን ሆነች? ሳትመለስ ቀረች እኮ» አለችኝ። ገጸ ባሕርይዋን ረስቻት ኖሯል። ሴትዮዋን ልመልስ ስነሣ የድርሰቱ ሁለተኛ አጋማሽ ተለወጠ።

የቋንቋ አርታኢ የሚያስፈልገው በመጨረሻ ነው። አንዳንድ ጀማሪ ጸሐፊዎቻችን በራሳቸው ገንዘብ ስለሚያሳትሙ የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ የአርታኢውን ድርሻ ይውጠዋል። አርታኢ መክፈል ለማይችል አንድ ምክር አለኝ፦ ረቂቁን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ወይም ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሁሉ የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ለጆሮም እንደሚጻፍ ያውቃል። ዓይን የዘለለውን የላላ ምልልስ ጆሮ አያሳልፈውም።

ለባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ረቂቅ ሲመጣላችሁ እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡና አንድ ጊዜ እንደ አንባቢ ብቻ አንብቡት። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጻፉለት። ሦስት ጥያቄ ለጸሐፊው የሚሠራው ሥራ ይሰጠዋል፤ ሦስት መቶ እርማት ግን ሥራውን ይወስድበታል።

ባለፈው ዓመት ለዚያ ለቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወልሁለት። ደብተሮቹ እንዳሉ ነገረኝ። ታሪኩን በአዲስ ደብተር፣ የእኔ ቀይ ቀለም በሌለበት፣ እንደገና እንዲጀምረው ለመንሁት፤ ላንብብልህ አላልሁትም። አልፎ አልፎ እየደወልሁ ግን «በዚህ ሳምንት ጻፍህ?» እለዋለሁ። ባለፈው ጥር «አራት ገጽ» አለኝ።