የማኅበረሰብ ጣቢያ ገንዘብ በሕግ ይጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ስለ ማኅበረሰብ ራዲዮና ቴሌቪዥን ገንዘብ ጥቂት ልናገር እወዳለሁ። ገንዘብ ለበዓል ቀን አይስማማም የሚል ቢኖር ይታገሠኝ።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ጣቢያን ከመንግሥትና ከንግድ ጣቢያ ለይቶ፣ ለትርፍ የማይሠራ ብሎ ዐወቀው። በ2013 ዓ.ም. እርሱን የተካው ዐዋጅ ቁጥር 1238ም ይህንኑ አጸና። ነገር ግን ፈቃድ ገንዘብ አይደለም። ማሰራጫው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይጠጣል፤ ጋዜጠኛውም ይርበዋል። ትርፍ አትፈልግ የተባለ ጣቢያ ይህን ሁሉ በምን ይችለዋል? በርዳታ ቢሉ፣ ረጂው የሄደ ቀን ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

ለእኛ ለአዲ አርቃይ ሰዎች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራን ሰንጥቆ አያልፍም፤ እኛም ከስሜን ተራሮች ግርጌ ነን። የሚበጀን የቅርብ ጣቢያ ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ሕግ ለሕዝብ ጣቢያዎች ገንዘብ የሚያከፋፍል ኮርፖሬሽን አቆሙ። ኋላም ባለ ሥልጣን በተቈጣ ቍጥር እንዳይነጥቃቸው፣ ገንዘቡን ሁለት ዓመት አስቀድመው ይመድቡ ጀመር። ብልህ ዘዴ ነበር። ሆኖም በ2025 ምክር ቤቱ የመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር በሌላ ሕግ መልሶ ወሰደው። በዚያ ገንዘብ ይበልጥ ይኖሩ የነበሩትም የገጠር ትናንሽ ጣቢያዎች ናቸው።

እንግዲህ ሕጉ ብቻውን አይበቃም፤ ያለ ሕግም አይሆንም። የወረዳው ሕዝብ ለዕድር እንደሚያዋጣ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ያዋጣ፤ መንግሥትም በመዋጮው ልክ ድጎማ እንዲጨምር በዐዋጅ ይጻፍ። ያን ጊዜ ድጎማው ቢቀር እንኳ የነዳጁ ገንዘብ ከእጃችን አይወጣም።