ወገብ ነው ብለን የሸኘናቸው
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ሐኪም ያልሆነውም እንዲገባው አድርጊው» ብለውኛል። ስለዚህ በጥያቄ ልጀምር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወገቡን የሚያመው እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ከግማሽ በላይ ነን። እኔም አለሁበት። በምረቃችን ቀን ይህንን ብጠይቅ አንድ እጅ አይወጣም ነበር።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ሁሉም ሰው የሚያመው ነገር ሲነገረን ጆሯችን ይደክማል።

የምሠራው ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ታካሚዎቼ ከአጠና ተራ፣ ከአየር ጤና፣ ከቤቴል፣ ከዓለም ባንክ የሚመጡ ናቸው። ምጣድ ላይ አጎንብሰው የሚውሉ እንጀራ ጋጋሪዎች አሉ፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመላልሱ አሉ፣ ልጅ አዝለው ጉልት የሚቸረችሩ አሉ። ወገቤን የማትለኝ ሴት ጥቂት ናት። እኛም የለመድነው መንገድ አለን፤ ዳይክሎፌናክ፣ የሚቀባ ነገር፣ «ከባድ አታንሺ»። (ከባድ አታንሺ ማለት ለአንዲት ጋጋሪ ሥራሽን ተዪ ማለት ነው፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ይወጣዋል።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት መጡ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፣ እንጀራ ጋግረው ለሱቅ ያስረክባሉ። «የኔ ልጅ፣ ወገቤ ነው፤ ብርድ ሳይመታኝ አልቀረም» አሉኝ። እግራቸው አልደነዘዘም፣ ትኩሳት የላቸውም። ወገባቸውን ነካካሁ፣ እግራቸውን ቀጥ አድርጌ አነሳሁ፣ መድኃኒት ጽፌ ሸኘኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። በመሐል ወጌሻ ጋ ሄደው ታሽተዋል። አሁን ደግሞ ሽንት ቶሎ ቶሎ እየመጣ አስቸግሯቸዋል። ሽንታቸውን አስመረመርኩ፣ ጥቂት ነጭ ሴል ታየ፣ አንቲባዮቲክ ሰጠሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሆዳቸው እንደሚነፋ፣ ሁለት ጉርሻ ሲጎርሱ እንደሚጠግቡ ነገሩኝ። ጨጓራ ነው አልኩ። ለሦስት ቅሬታ ሦስት መድኃኒት። በአራተኛው ጊዜ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸውና «ዶክተር፣ እማዬ ከስታለች፤ ቀሚሷ ግን ጠቧታል» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አልጋው ላይ ያስተኛኋቸው። ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል። ከእምብርታቸው በታች ጠጣር እብጠት በእጄ አገኘሁ።

ከመጀመሪያው ቀን አምስት ወር አልፏል። በአምስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ሆዳቸውን አልነካሁም። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እውነት ነው። ሆድ መንካት ግን ሁለት ደቂቃ ነው።

የኦቫሪ ካንሰር ነበር፤ የእንቁላል ማፍሪያው ካንሰር። ኦቫሪ ትንሽ አካል ነው፤ ያለውም ዳሌ ውስጥ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ በመሆኑ እብጠቱ እስኪገፋ ድረስ ብዙም አይናገር። ሲናገርም በሌላ ሰው አፍ ነው፤ በሆድ፣ በፊኛ፣ በወገብ። ወገቡ የሚታመመው በብዙ መንገድ ነው። እብጠቱ ዳሌ ውስጥ ያለውን ነርቭ ይጫናል። ከጀርባ አጥንት ፊት ለፊት ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ያብጣሉ። ሽንት ከኩላሊት የሚያወርደው ቧንቧ ይታፈንና ኩላሊት ይወጠራል። ሆድ ውሃ ሲቋጥር ደግሞ ልክ እንደ ነፍሰ ጡር ወገብ ወደ ኋላ ይለጠጣል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ወገባችሁን ይዛችሁ አየኋችሁ። ተዉት። የወገብ ሕመም እጅግ አብዛኛውን ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ጉዳይ ነው። ወገብ ብቻውን ስለ ኦቫሪ ብዙ አይነግረንም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባርባራ ጎፍ እና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ባወጡት የምልክቶች መለኪያ ውስጥም የወገብ ሕመም አልገባም። የገቡት የሆድ መነፋት ወይም መጠን መጨመር፣ የሆድና የዳሌ ሕመም፣ እንዲሁም መብላት መቸገር ወይም ቶሎ መጥገብ ናቸው፤ ያውም ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸውና በወር ከ12 ቀን በላይ የሚመላለሱ ከሆነ። ስለዚህ ወገቤን ላለች ሴት ጥያቄው «ከወገብሽ ጋር ሌላ ምን አለ?» ነው። አዲስ ነው ወይ? ብታርፊም አይለቅም ወይ? ቀሚስሽ ጠቧል ወይ? እኔ ሦስቱንም ምልክት በራሳቸው አንደበት ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን በየተራ፣ በሦስት የተለያየ ቀን ነው፤ ካርዱን ወደ ኋላ ገልጬ አላገናኘሁትም።

«ታዲያ ሁሉም ሴት ለምን በየዓመቱ አትመረመርም?» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። በእንግሊዝ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ምልክት የሌላቸውን ሴቶች በሲኤ 125 የደም ምርመራና በአልትራሳውንድ እያጣሩ መከታተል በዚህ ካንሰር የሚሞቱትን ቁጥር አልቀነሰም። ምልክት ላላት ግን ሁለቱም ይጠቅማሉ። ሲኤ 125 አታላይ መሆኑን ግን አትርሱ፤ በእርግዝናም ከፍ ይላል። በእኛ አገር በተለይ የሆድ ዕቃ ቲቢ ቁርጥ የኦቫሪ ካንሰር መስሎ ይመጣል፤ ውሃው፣ መክሳቱ፣ ከፍ ያለው ሲኤ 125፣ ሁሉም አንድ ነው። ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሳይታይ ለማንም ቁርጡን መንገር አይገባም። ቲቢ ቢሆንስ? ቲቢ ይድናል።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ሥራ እንደሚያሳየው በሴቶች ላይ ቀዳሚዎቹ የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ኦቫሪም በብዛት ከሚመዘገቡት አንዱ ነው። ስለ ሁለቱ ብዙ ተነግሯል፤ ደግ ነው። ስለ ሦስተኛው ሰፈሬ ውስጥ የሰማች ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም። እዚህ ላሉት መምህራኖቻችን አንድ ነገር ልለምን። እኔ የወገብ ሕመምን የተማርኩት በአጥንት ክፍል ነው፤ የኦቫሪ ካንሰርን በማህፀን ክፍል። ሁለቱ ምዕራፎች አእምሮዬ ውስጥ የተገናኙት በእኚያ እናት ሆድ ላይ ነው። ተማሪዎቹን ስታስተምሩ፣ እባካችሁ፣ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አገናኟቸው።

ለቀዶ ሕክምና ላክኋቸው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርገው ኬሞ ጀመሩ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አረፉ። በመሐል ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። አንድ ቀን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ምን ታደርጊ የኔ ልጅ፣ ወገቤ ነው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ?» አሉኝ። መጀመሪያ በመጡበት ቀን ባገኘው ኖሮ የተለየ ነገር ይመጣ እንደሆን መናገር አልችልም፤ ያኔም ተሰራጭቶ ሊሆን ይችላል። ይህንን ለራሴ እየነገርኩ እተኛለሁ። ሁልጊዜ አይሠራም።

ልጅቷ የእናቷን ምጣድ ተረክባ አሁንም እዚያው ሰፈር ትጋግራለች። ባለፈው ወር መጣች። ወገቧን ነው ያመማት። እናት ወይም እህት ይህ በሽታ ያለባት ሴት ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ስለሆነች ቀጥታ አልጋው ላይ አስተኛኋት።

«ዶክተር፣ ወገቤ ነው እኮ ያልኩዎት፤ ሆዴን ለምን ይነኩኛል?» አለችኝ።

አልትራሳውንዷ ንጹሕ ነው። ከጉብታ ላይ ሳትወርድ ሊጥ የምትቀዳበትን ባልዲ ከፍ ወዳለ ዱካ አውጪው አልኳት፤ እስካሁን ተሽሏታል።