የጋዜጣው ውሻና የደጃችን ውሻ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ውሻ ነው ብል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደክሞት የገባ ሰው «ለዚህ ደግሞ ራዲዮ ምን አስፈለገ?» ሳይል እንደማይቀር አውቃለሁ። ነገር ግን በመጀመሪያ የማወሳላችሁ ውሻ አጥንት የሚቈረጥም አይደለም። ከስድሳ ዓመት በላይ በቀለምና በወረቀት የኖረ፣ አንዲት ቀን እንኳ ያላረጀ ውሻ ነው።

ስሙ ፍሬድ ባሴት ይባላል። የተወለደውም በእንግሊዝ አገር ዴይሊ ሜይል በተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ገጽ ላይ፣ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ሐምሌ 1 ቀን የበጀት ዓመት የሚከፈትባት ዕለት መሆኗን ለመንግሥት ሠራተኛ መንገር አያሻም። አባቱ አሌክስ ግሬም የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር።

የሥራው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። በየዕለቱ ጥቂት ትንንሽ ሥዕሎች በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ። ባልና ሚስት አሉ፤ ውሻው አለ። ውሻው ለጌቶቹ አንዲት ቃል አይናገርም፤ በልቡ የሚያስበው ግን ከራሱ በላይ ተጽፎ ለአንባቢው ይታያል። ለምሳሌ ያህል፣ ጌታው «ዛሬስ የግቢውን ሣር አጭዳለሁ» ብሎ ፎክሮ ተነሥቶ በወንበሩ ላይ እንቅልፍ ቢወስደው፣ ሚስቱ ያላየችውን ውሻው አይቶታል፤ እኛም የውሻውን ሐሳብ አንብበን እንሥቃለን። የምንሥቀው በጌታው ይመስለናል እንጂ በራሳችን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ አንድ ታሪክ አለ። ሥዕሉ መውጣት እንደ ጀመረ አንባቢዎች «ይህ ውሻ ባሴት አይመስልም» እያሉ አቤቱታ ማቅረብ ጀመሩ። ባሴት ማለት እግሩ አጭር፣ ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ፣ በማሽተት የሚያድን የውሻ ዘር ነው። ጋዜጣው ታዲያ አቤቱታውን በመዝገብ ቤት አላሳደረም፤ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴም አላቋቋመም። ፍሬዳ የተባለች እውነተኛ ባሴት ለሠዓሊው ሰጠው፤ እርሱም እርሷን እያየ ሣለ።

እንዲህ ያሉ የጋዜጣ ውሾች ሌሎችም አሉ። በአሜሪካ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ብራድ አንደርሰን ማርማዱክ የተባለውን ግዙፍ ውሻ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ሲሥል ኖሯል። እኔ በበኩሌ ቀልዱ ሁሉ በውሻው ትልቅነት ላይ ስለሚንጠለጠል ያን ያህል አልወደውም። ስኑፒ የተባለው የቻርልስ ሹልዝ ውሻ ግን ዓለም ያወቀው ነው፤ ሹልዝ በየካቲት 1992 ዓ.ም. ሲሞት ሥዕሉም አብሮት አበቃ። ፍሬድ ደግሞ አሌክስ ግሬም በ1984 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በልጁ በአራን ኪትና በሠዓሊው በማይክል ማርቲን እጅ ቀጠለ።

አሁን ከለንደን ወደ አሶሳ ልውሰዳችሁ፤ መንገዱ ቢረዝምም ምክንያት አለኝ። በአሶሳ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሁለቱም ዘንድ የውሻ ቦታ ደጅ ነው እንጂ እንደ ፍሬድ ከምንጣፍ ላይ አይደለም። የደጃችን ውሻ ቀጭን፣ ጠጕሩ አጭር፣ መልኩ ብዙ ጊዜ ቀላ ወይም ቡላ ያለ ነው። ቀን ከማንጎው ጥላ ሥር ይተኛል፤ ሌሊት ከቀርከሃው አጥር ሥር ይጮኻል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሏል፤ ነገር ግን ያልበላበትንም ደጅ ሲጠብቅ የሚያድር ስንቱ ነው! ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁ «የሰፈሩ ነው» ይሏችኋል። የሰፈሩ የሆነ ውሻ ደግሞ ክትባት የሚያስወጋው የለውም።

ነገሩ ከቀልድ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶ 99 በሚሆነው ላይ በሽታውን ያስተላለፈው ውሻ ነው። በሽታው አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱትም ከመቶ 40 የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን በመከተብ ሞትን ማስቀረት ይቻላል። አሥራ አምስት ደቂቃና አንድ ሳሙና!

ይህን የሚነግር ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ? በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው ይኖራሉ፤ ከሌላ አገር የመጣውም ብዙ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። በአማርኛ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት በመሥሪያ ቤት ግድግዳ የተለጠፈውን ወረቀት ደኅና አድርጎ የሚያነበው የለጠፈው ሠራተኛ ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ አያነበውም። አራት ሥዕል በአንድ ረድፍ ቢሆን ግን ያነበዋል፦ ውሻው ነከሰ፤ እናት ከጄሪካኑ ውሃ እያፈሰሰች በሳሙና አጠበች፤ ልጁ ጤና ጣቢያ ደረሰ፤ ውሻዎቹ በሰፈሩ ሜዳ ተሰብስበው ተከተቡ። በሚቀጥለው ወር ሌላ አራት። ያው ውሻ፣ ያው ቤተሰብ፤ ለውሻው ስም የሚያወጡለት ልጆቹ ራሳቸው ይሁኑ።

ሥዕሉን የምታሠሩ ሹማምንትና ሠራተኞች ሆይ፤ ፍሬዳን አትርሷት። ሠዓሊው ቀይ የአንገት ማሰሪያ ያለውን ወፍራም ውሻ ከፈረንጅ መጽሐፍ ገልብጦ ቢያመጣላችሁ፣ ልጁ «ይህ የእኛ ውሻ አይደለም፤ እኛንም አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል። ሠዓሊው ይውረድ፤ ከማንጎው ሥር ይቀመጥ፤ ውሻውን ይየው፤ አጥሩን፣ ጄሪካኑን፣ የእናቲቱን አለባበስ ይየው። ለዚህ የሚወጣው የውሎ አበል በከንቱ የወጣ አይባልም።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መታሰቢያ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ገደማ ይውላል። ሥዕሉ ለዚያ ቀን በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዲደርስ፣ ሠዓሊው ክረምቱ መንገዱን ሳያጨቀየው በፊት መላክ አለበት።