አቤት የምንለው ለማን ነው?
(በከተማ መራጮች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የሙስናን ክፋት ልሰብክላችሁ አልመጣሁም። የቦታ ካርታ ለማውጣትና የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የተመላለሰ ሁሉ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ አቤት የምንለው ለማን ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ «የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል ደንብ ቁጥር 144 መሠረት ክፍሉ ተጠሪነቱ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። በአለቃው ላይ የቀረበለትን ጥቆማ ለዚያው አለቃ ያቀርባል ማለት ነው! ሠራተኛው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን እንጀራውን የያዘበትን ሰው እንዴት አድርጎ ይመርምር?

ከላይም ቢሆን ያው ነበር። የፌዴራሉ ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በዚያው ዓመት ገዥው ፓርቲ ለሁለት ተሰነጠቀና ከተሸናፊው ወገን የነበሩት አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዙም ፖሊስ መልሶ ያዛቸው፤ ወዲያውም ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ሕግ ታወጀ። ጥፋተኛ ነበሩ አልነበሩም የዛሬ ጉዳያችን አይደለም። ሕዝቡ ግን «ሙስና የሚባለው ከአለቃ መጣላት ነው» ብሎ ቢደመድም ማን ይፈርድበታል?

በ2008 ዓ.ም. የኮሚሽኑ የምርመራና የክስ ሥልጣን ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ተሰጠ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1236 ተጠሪነቱን ለተወካዮች ምክር ቤት አደረገ፤ ይህን ደግፈናል። ጥርሱን ግን አልመለሰለትም።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ25,491 የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ በመረጃ መጭበርበር ምክንያት ተሰረዘ። ዕጣውን ያወጣው አስተዳደሩ፣ የሰረዘውም አስተዳደሩ። ከዓመታት ቁጠባ በኋላ ስሙ ወጥቶ እልል ያለው ቤተሰብ ማንን ይጠይቅ?

ፓርቲያችን ቢመረጥ የከተማው የሥነ ምግባር ኮሚሽነር በከንቲባው ጥቆማ አይሾምም። ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጠዋል፤ ለአንድ የሥራ ዘመን ብቻ ያገለግላል፤ በጀቱንም ምክር ቤቱ በቀጥታ ያጸድቃል። የመሬትና የቤቶች መዝገብ ያለማንም ፈቃድ አስቀርቦ ይመረምራል፤ ግኝቱንም ከንቲባው ሳያየው ለሕዝብ ያወጣል።

ይህ እኛንም እንደሚነካን እናውቃለን፤ ከመካከላችን ሌባ አይወጣም ብለን አንምልላችሁም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ሥራውን የሚጀምረው የራሳችንን ተመራጮች ሀብት በመመዝገብ ሲሆን ዝርዝሩም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።