ከማንሳታችን በፊት እንጠይቅ

ዛሬ ስለምወደው ጉዞ ላጫውታችሁ። ሽርሽር ሲባል ብዙዎቻችን ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን እናስባለን። የእኔ ግን አውቶቡስ አያስፈልገውም፤ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጓደኞች ጋር በእግር ነው።

ደቻቱን እንውሰድ። በበጋ አሸዋው ደረቅ ነው፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። እኛ ጋ ባይዘንብም ደጋው ላይ ከዘነበ ውኃው ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ ተራራው ላይ ደመና ከጠቆረ፣ «እዚህ መቼ ዘነበ?» ብላችሁ አሸዋው ላይ አትቆዩ።

ከከተማው በስተደቡብ፣ ገደሉ ላይ ደግሞ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። ተመራማሪዎች እዚያ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀለም የሚወጣው ድንጋይ አግኝተዋል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። ግድግዳውም ላይ ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። ታዲያ አንዱ መጥቶ በከሰል ስሙን ቢጽፍባቸው ማን ይመልሳቸዋል? ደመቅ ብለው እንዲታዩ ብላችሁም ውኃ አትርጩባቸው።

ፎቶ የቆምንበትን ቦታ መልክ ይይዛል፤ ያለፈበትን ግን አይነግረንም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልካችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጎርፉን ያዩ የሰፈራችሁን እናቶችና አባቶች ጠይቁ። ውኃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ያሳዩአችሁ፤ ፎቶውን ከዚያ በኋላ አንሱት።