ስለ ትምህርት ቤት የሥነ ልቡና ባለሙያ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ወደፊት ምን እንደምንሆን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንላለን። ዛሬ ግን ስሙ ለብዙዎች እንግዳ ስለ ሆነ አንድ ሙያ እንድንናገር ፈቃዳችሁ ይሁን፤ ይኸውም በትምህርት ቤት ሆኖ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን የሚረዳው የሥነ ልቡና ባለሙያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በፓሪስ 30 ጥያቄዎች ያሉት የአእምሮ መመዘኛ አወጡ። አሳባቸው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለማወቅ ነበር፤ ቢኔም አእምሮ በልምምድ ይሻሻላል ብሎ ያምን ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡ አንዳንዶች ግን መመዘኛውን ልጅን ለመርዳት ሳይሆን ለመጣል ተጠቀሙበት፤ ይህም እጅግ ያሳዝናል።

በአሜሪካ ሥልጠናው ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል። የሙያው ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት ሠልጣኙ ቢያንስ 1200 ሰዓት በሥራ ላይ ይለማመዳል፤ ከዚህም ውስጥ ከ600 የማያንሰው በትምህርት ቤት መሆን አለበት። የሚማረውም ፈተና መስጠትን ብቻ አይደለም። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ልጁን ይመለከታል፤ ከእናትና ከአባቱ ጋር ይነጋገራል፤ መምህሩን ያማክራል። «ሰነፍ» የተባለው ልጅ ምናልባት ሰሌዳውን አጥርቶ አያይ ይሆናል፤ ምናልባትም የመምህሩን ቃል የሚሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ስለ አእምሮው ከመናገሩ በፊት ዓይኑና ጆሮው ተመርምረው እንደ ሆነ ይጠይቃል። እንዲህ ሳይጠየቅ ስንት ልጅ ከትምህርት ወጥቶ ይሆን?

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት ወላጅ ሳይፈቅድ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመዘንም፤ በአንድ ፈተና ብቻም አይፈረድበትም፤ በተቻለ መጠንም የሚመዘነው በራሱ ቋንቋ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር በዚያ የሚኖሩትን የወገኖቻችንን ልጆች ይነካል። በቤቱ አማርኛ ሲናገር ያደገ ልጅ በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ የሚለካው አእምሮው ነው ወይስ እንግሊዝኛው? አስተርጓሚ ቢቆምም ቀላሉ ጥያቄ ሲተረጎም ሊከብድ፣ ከባዱም ሊቀል ይችላል። አማርኛ የሚያውቁ ባለሙያዎች የሚፈለጉትም ስለዚህ ነው።

በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡናም የልዩ ፍላጎት ትምህርትም ይሰጣል። ከመካከላችን ሁለቱ ወደዚያ ለመግባት አስበዋል። አንዱ ስታቲስቲክስ የሚባል ሒሳብ እንዳለበት ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ አሳቡን ግን አልለወጠም።