በገዛ እጅ ስለሚሠራ የበዓል ስጦታ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች በኅዳር ወር መጀመሪያ የተሰጠ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ስለ ትልልቅ ጉዳዮች መናገር የተለመደ ነው። ስለ አገር ልማት፣ ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ ወጣቱ ኃላፊነት ብዙ ሰምተናል፤ ብዙም አጨብጭበናል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ነገር ግን ከሁለት መርፌና ከአንድ ልቃቂት ክር አይበልጥም። የንግግሩን አርእስት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ስታነቡ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁ አይቀርም። ፈገግታውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ በአደራ አስቀምጡልኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የገና በዓል እየቀረበ ነው። ብዙዎቻችን ወደየቤተሰቦቻችን እንሄዳለን። ከከተማ የመጣ ተማሪ ባዶ እጁን የቤቱን ደጃፍ ሲረግጥ ማፈሩ አይቀርም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም ወላጆቹ ለደብተርና ለሳሙና ከላኩለት ገንዘብ ቀንሶ ዕቃ ይገዛል፤ ወይም ይበደራል። በመጀመሪያው መንገድ የሄደው የአባቱን ገንዘብ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ ለአባቱ መለሰለት ማለት ነው። በሁለተኛው መንገድ የሄደውንም ቢሆን፣ ብድሩን መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ለእናታችንና ለአባታችን፣ ለታናናሾቻችንም፣ በእውነት የራሳችን የሆነ ነገር መስጠት እንችላለን ወይ? ተማሪ ገንዘብ የለውም። የራሱ የሆኑ ሁለት ነገሮች ግን አሉት፤ እጁና ጊዜው። በእነዚህ በሁለቱ ሻርፕ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ቢበረታም ሹራብ ሠርቶ ይዞ ሊገባ ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እስቲ እናስብ። በፋሲካ ሰሞን ለወላጅና ለአበልጅ የሚወሰደው አክፋይ ከማን ተቀዳ? ይልቁንም ጋቢውን እንመልከት። ሌሊት ስናጠና የምንደርበው ጋቢ የት ተጀመረ? እናት ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ለየች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ አደረገችው፤ ከዚያም በእንዝርት ፈተለችው። ቡና እየተፈላ ፈተለች፤ ጎረቤት እያጫወተች ፈተለች። ክሩ በቂ እስኪሆን ወራት አለፉ። ከዚያ በኋላ ሸማኔው ድሩን ከማጉ አዋሕዶ ሠራው፤ ጋቢም አራት ድርብ ስለሆነ ክሩን በብዙ ይበላል። ይህ ሁሉ ድካም ተጣጥፎ አንድ ቀን ጧት በሻንጣችን ውስጥ ገባ። ሂሳቡን ማንም አላቀረበልንም። በእጅ የተሠራ ስጦታ እንግዳ ነገር ነው የምንል ሰዎች እንግዲህ በዚያው ስጦታ ተሸፍነን የምንተኛ ነን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ጠንከር ያለ ነው፤ «የእጅ ሥራ ለተማረ ሰው አይሆንም» የሚል ነው። ይህ በሽታ አሮጌ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብ በአገራችን ልማድ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ ሸማኔውን ፊት ለፊት የሚሰድብ ተማሪ ላይኖር ይችላል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ግን በወራት የተፈተለውንና በብዙ ቀን የተሠራውን ልብስ በሁለት ቃል የሚያራክሰው ስንቱ ነው? አንድ ስንዝር ጨርቅ በገዛ እጁ የሠራ ሰው እንዲህ ለማድረግ አፉ አይታዘዝለትም። ይህ ንግግር ስለ ስጦታ ቢሆንም፣ ከስጦታው ጋር የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከወንድሞቼ በኩል ነው፤ «የሴት ሥራ ነው» ይላሉ። በእኛ አገር ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ሲኖር ወንዱ ክር በመንካቱ ወንድነቱ ቀረበት ያለ አልነበረም። በሁለት መርፌ የሚሠራው ሹራብም ቢሆን ታሪኩ እንዲሁ ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች ጥቂቶቹ በመካከለኛው ዘመን ከግብፅ የወጡ ካልሲዎች ናቸው። በአውሮፓ ደግሞ ሥራው በማኅበር የተደራጁ የወንዶች ሙያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1589 የካልሲ መሥሪያ መኪና የፈለሰፈው ዊሊያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። በፔሩ አገር፣ በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በታኪሌ ደሴት፣ ኮፍያቸውን በመርፌ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ዩኔስኮም የደሴቲቱን የልብስ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ አድርጎ አውጆታል። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ መርፌውን ብታነሣ ጢምህ አይረግፍም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የሹራብ ሥራ ምሥጢር አንድ ብቻ ነው። በግራው መርፌ ላይ የክር ቀለበቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱን ቀለበት ዓይን እንበለው። የቀኙን መርፌ በዓይኑ ውስጥ ማሳለፍ፤ ክሩን በጫፉ ላይ መጠምጠም፤ የተጠመጠመውን ክር በዓይኑ ውስጥ መሳብ፤ አሮጌውን ዓይን ከግራው መርፌ ማውረድ። በቃ፤ አንድ አዲስ ዓይን ተሠራ። መስመሩ ሲያልቅ መርፌዎቹን እጅ አለዋውጦ እንደገና መጀመር ነው። በዓለም ላይ ያሉት ልዩ ልዩ የሹራብ ዓይነቶች ሁሉ ከዚህ ከአንዱ እንቅስቃሴና ከግልባጩ የሚወለዱ ናቸው።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉ ደግሞ ሂሳብ አቀርባለሁ፤ የሂሳብ ተማሪዎች ተከታተሉኝ። ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሻርፕ እንሥራ። በመካከለኛ ውፍረት ክርና በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ስንሠራ በ10 ሳንቲ ሜትር ወርድ 18 ዓይን፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት 36 መስመር ይገባል እንበል። እንግዲህ ወርዱ 36 ዓይን፣ ቁመቱ 540 መስመር ይሆናል፤ ሲባዛ 19,440 ዓይን ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ጀማሪ በደቂቃ 20 ዓይን ቢሠራ ሁሉም በ972 ደቂቃ፣ ማለትም በ16 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያልቃል። የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ እስከ ታኅሣሥ 29፣ 44 ቀን አለ። ለየቀኑ ሲካፈል 22 ደቂቃ ብቻ ይደርሳል! ከራት በኋላ ሻይ ይዘን የሰው ስም የምናነሣበት ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ሂሳብ ያውቁት ነበር። የእኅታችን ወይም የወንድማችን በዓል ዒድ ከሆነም ሂሳቡ አይለወጥም፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ይለወጣል።

ስለ ክሩም ጥቂት ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በገበያ የሚገኘው ርካሽና ባለ ብዙ ቀለም ክር አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ በቀላሉ ይታጠባል፤ ለልጆች ኮፍያ ጥሩ ነው። ግን በእሳት ይቀልጣል፤ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ እናቷ በማገዶ የምታበስል ተማሪ ለእናቷ ከአክሪሊክ የተሠራ ሻርፕ እንዳትሰጥ አደራ እላለሁ። ጥጥም ቶሎ በእሳት ይያያዛል። የበግ ሱፍ ግን በቀላሉ አይነድም፤ ቢነካውም ከእሳቱ ሲርቅ መጥፋቱ የተለመደ ነው። ከመንዝ በጎች ጠጉር የሚሠራውን ባና ያየ ሰው ሱፍ ብርድን እንዴት እንደሚመክት ያውቃል። የሱፍ ጠላቱ ሙቅ ውኃና ማሸት ነው፤ በሙቅ ውኃ ከታሸ ተኮማትሮ ለአሻንጉሊት ይሆናል። ስለዚህ የሱፍ ስጦታ ስንሰጥ አስተጣጠቡንም አብረን እንንገር፤ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይታሽ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ የሚደርቅ ነው።

«ክሩስ በማን ገንዘብ ይገዛል? እርሱም ከአባታችን ኪስ አይደለምን?» ብላችሁ ብትይዙኝ ትክክል ናችሁ። ለዚህም መላ አለ። የሹራብ ልብስ ማለት ተጠላልፎ የቆመ አንድ ረጅም ክር ነው፤ ጫፉ ከተገኘ ይተረተራል። ክርኑ የተቀደደ የራሳችን አሮጌ ሹራብ ወይም ከሰልባጅ ተራ የተገኘ የሱፍ ሹራብ ጥሩ የክር ምንጭ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን ገልብጠን የጎኑን ስፌት እንይ። ጠርዙ ተቆርጦ በመኪና የተዘመዘመ ከሆነ ክሩ በየመስመሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ስለሚወጣ እንተወው። ሳይቆረጥ ጠርዝ ከጠርዝ የተሰፋ ከሆነ፣ ስፌቱ ሲፈታ ክሩ ሳይቋረጥ ይመጣል። የተተረተረው ክር የተጠማዘዘ ስለሚሆን በትልቁ ጠቅልሎ፣ በለብታ ውኃ ነክሮ፣ ቀላል ክብደት አንጠልጥሎ ማድረቅ ነው፤ ቀጥ ይላል። በዚህ መንገድ የታላቁ ሹራብ የታናሹ ኮፍያና ካልሲ ይሆናል።

እውነቱን ላለመሸሸግ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ የተሠራው ሁልጊዜ ከተገዛው ይረክሳል አልልም፤ ይበልጥ ያምራልም አልልም። የፋብሪካው መስመር ቀጥ ያለ ነው፤ የእኛ ይወላገዳል። ፋብሪካው ግን አባታችን በጧት ሲወጣ የሚያመው ጆሮው መሆኑን አያውቅም። የታናሽ እኅታችን ጭንቅላት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ አያታችን ከቀለም ሁሉ የትኛውን እንደምትጠላ አያውቅም። ይህን የምናውቀው እኛ ነን። ስጦታ የሚባለውም ይኸው እውቀት ነው፤ ክሩ መያዣው ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህን ንግግር ሰምታችሁ ነገ ክሩን ገዝታችሁ ለአንዲት እኅት «እባክሽ ሥሪልኝ» ብላችሁ እንዳትሰጡ። የእርሷን ሌሊት ወስዳችሁ በስማችሁ ለእናታችሁ ብትሰጡ፣ ከአባት ኪስ ወስዶ ለአባት ከመስጠት የባሰ ነው። ሁለተኛ፣ ለሁሉም ዘመድ እሠራለሁ ብሎ የተነሣ ለማንም ሳይሠራ በዓሉ ይደርስበታል። በዚህ ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ እንሥራ። ለማን እንደሆነ ዛሬ ማታ እንወስን፤ ብዙ ጊዜ የተሰጠንና ጥቂት የመለስንለት ማን እንደሆነ ልባችን አይስተውም።

በመጨረሻም ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከመካከላችን ከእናቶቻቸው ዳንቴልና ሹራብ ተምረው የመጡ እኅቶች አሉ። ሙያቸውን እስከ ዛሬ አልጠየቅናቸውም። እነርሱ ፈቃዳቸው ቢሆን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል ተሰብስበን ያወቀው ላላወቀው ያስተምር። መርፌ መግዛት ያልቻለ ሁለት ቀጫጭን ሸንበቆ ወይም እንጨት ጫፉን አሹሎ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ ይምጣ፤ ክር እስካልያዘበት ድረስ ያገለግላል። የኬሚስትሪው ተማሪ ስለ ቀለም ያስረዳን፤ የምሕንድስናው ተማሪ መስመር ይቁጠርልን፤ የሕጉ ተማሪ ደግሞ ተራ ሲያስጠብቅ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ አንድ ልቃቂት ይያዝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አንበሳ ለማሰር አልተነሣንም። በታኅሣሥ ብርድ ለአንድ ሰው ጆሮ የሚሆን ነገር ሠርተን ብንገባ ይበቃናል። አሁን በአደራ ያስቀመጣችሁልኝን ፈገግታ ልትወስዱ ትችላላችሁ፤ ስትወጡ ግን በበሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ስማችሁን አስፍሩ።